ኤርታሌን በእግር፦ በላቫ ሜዳና በላቫ ዋሻ ደህና ገብቶ ደህና ለመውጣት

በአፋር ክልል ወዳለው እሳተ ገሞራ፣ ወደ ኤርታሌ፣ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሳቱን ነው። ጉዞው የሚበላሸው ግን በአብዛኛው በሌላ ምክንያት ነው፦ የጫማ ሶል መንገድ ላይ ይላቀቃል፣ ለመውጫ የበቃው ውሃ ለመመለሻ ያልቃል፣ ድፍን ዐለት የመሰለ ቅርፊት ከእግር ስር ይሰበራል፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የተጀመረ መልስ በሙቀቱ ይሸነፋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተል የተቀመጡት አንዱ ሌላውን ስለሚሸከም ነው። የመጀመሪያው ላይ «አይሆንም» የሚል መልስ ካገኛችሁ ሁለተኛውን አትጀምሩ።

1. በመጀመሪያ መሄድ ይቻል እንደሆነ አረጋግጡ

ተራራው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጥር 2009 ዓ.ም. ላቫው (የቀለጠው ድንጋይ) ከጉድጓዱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ወዲያውም በደቡብ ምሥራቅ በኩል አዳዲስ ስንጥቆች ተከፍተው ሰፊ ሜዳ በአዲስ ድንጋይ ተሸፈነ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. እንደገና ፈነዳ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አፍዴራ አካባቢ አመድ ለበሰ፤ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን፣ አልፎም ሕንድን ደረሰ። ስለዚህ ቀደም ብሎ የሄደ ጓደኛ የነገራችሁ መንገድና የቆመበት የእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ዛሬ በቦታው ላይኖር ይችላል።

ለሦስት ወገኖች አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ፦ በሰመራ ላለው የክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ በዚያው ሳምንት ከቦታው ለተመለሰ ሹፌር፣ በአፍዴራ ወይም በተራራው አቅራቢያ ላለ የአፋር መንገድ መሪ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ መውጫው አሁን በየትኛው በኩል ነው? መኪና የሚቆመው የት ነው፣ ከዚያስ በእግር ስንት ሰዓት ይወስዳል? ጭሱ ወደየት ይነፍሳል? ሰሞኑን መሬቱ ተንቀጥቅጧል? የሦስቱ መልስ ካልገጠመ ጉዞውን አራዝሙ። በተለይ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ አንዱ «አዎ» ካለ የሌሎቹን «አይ» ተዉት።

የላቫውን ሐይቅ እንደሚያሳያችሁ ዋስትና ሰጥቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ሐይቁ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ይሰወራል፤ አንዳንዴ የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። ይህን የማያምን አስጎብኚ ጠርዝ ላይ ስትደርሱ የገባውን ቃል ለመፈጸም ሲል አደገኛ ቦታ ድረስ ይወስዳችኋል።

ወቅቱን በተመለከተ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ስለሚችል ለእግር ጉዞ አይሆንም።

አስም፣ የልብ ሕመም ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ችግር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ትንሽ ልጅ ወደ ጠርዙ መውጣት የለባቸውም። «እዚያ ስደርስ አየዋለሁ» የሚል አስመኛ ጠርዙ ላይ የሚያየው ነገር የለም፤ መተንፈስ ብቻ ይሆናል ሥራው።

2. ፈቃድ፣ መንገድ መሪና ጠባቂ

ብቻችሁን አትሄዱም። ፈቃድ ከሰመራ ይወጣል፤ ከዚያም የአካባቢው አፋር መንገድ መሪና የታጠቀ አጃቢ ይመደባል። በጥር 2004 ዓ.ም. አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች፣ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ጀርመናዊ በዚሁ አካባቢ ተገድለዋል፤ ስለዚህ አጃቢውን እንደ ተጨማሪ ወጪ ቆጥራችሁ ለማስቀረት አትደራደሩ።

ዋጋን ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ፦ ለመሪው፣ ለአጃቢው፣ ለግመል፣ ለማደሪያ። የተስማማችሁበትን ጻፉ፤ ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ። በተራራው ስር መልስ የሚሰጥም ሆነ ገንዘብ የሚያወጣ ማሽን የለም።

መንገድ ላይ መሪያችሁ ሌላ አፋር ሲያገኝ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ረጅም ወሬ ይለዋወጣል። ይህ ዳጉ ነው። አታጣድፉት። የየት ጉድጓድ ውሃ እንዳለው፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ ማን ከማን እንደተጣላ በዚያ ይታወቃል፤ በዳጉ የሚዋሽ ሰው ደግሞ በአፋር ዘንድ ክብር የለውም። ወሬው ሲያበቃ «ምን ተባለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በሞባይላችሁ ከምታገኙት ማንኛውም መረጃ የበለጠ ትኩስ ነው።

ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት አስፈቅዱ። ከጉድጓድ ወይም ከኩሬ ውሃ ሳታስፈቅዱ አትቅዱ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ አትምጡ፤ ኬላ ላይ ትቆማላችሁ።

3. ዕቃችሁን አዘጋጁ

ጫማ። ዋናው ነገር ይህ ነው። ላቫ በላዩ መስታወት ነው፤ ስስ ሶል ይቆርጣል፣ በሙጫ ብቻ የተያያዘ ሶል ደግሞ በሞቀ መሬት ላይ ይላቀቃል። ዳር ዳሩ የተሰፋ፣ ወፍራም ጎማ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያዙ። አዲስ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ አድርጉት። መለዋወጫ ማሰሪያና አንድ ጥቅል ጠንካራ ፕላስተር አትርሱ፤ የተላቀቀ ሶል እስከ መኪና የሚያደርሰው ይህ ነው። ሸራ ጫማና ሰንደል ለካምፕ ብቻ ይሁን። መሪዬ በሰንደል ነው የሚሄደው ብላችሁ አትከራከሩ፤ እሱ የት እንደሚረግጥ ያውቃል።

ውሃ። በቀዝቃዛው ወቅት እንኳ ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር አስሉ። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ራሱን ብቻ ቆጥሮ ሹፌሮቹን፣ መሪውንና አጃቢውን በመርሳት ነው። አራት መንገደኞች ከሁለቱ መኪና ሹፌሮች፣ ከመሪና ከአጃቢ ጋር ስምንት ሰው ናችሁ፤ ለሦስት ቀን 144 ሊትር ይሆናል። በዚያ ላይ ሲሶውን መጠባበቂያ ጨምሩ፦ 192 ሊትር። ጀሪካኖቹን በሁለት መኪና አካፍሉ፤ አንዱ መኪና ቢቆም ወይም አንዱ ጀሪካን ቢቀደድ ሁሉም አይጠፋም። ውሃ ብቻ መጠጣት አይበቃም፤ ጨው በላብ ይወጣል። ከፋርማሲ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በፓኬት ግዙ።

መተንፈሻ። የሕክምና ማስክ አመድና አቧራ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ጋዝ አያስቀርም። የሚያስፈልገው ለአሲድ ጋዝ የተሠራ ካርትሪጅ (ማጣሪያ) ያለው ጭንብል ነው። የሥራ ደህንነት ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ስትገዙ ልብ በሉ፦ ለቀለም ቀቢ የሚሸጠው ካርትሪጅ ለሌላ ዓይነት ትነት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉን አንብቡ፣ ባለሙያ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ለብሳችሁ ደረጃ ወጥታችሁ ውረዱ። ጢም ባለው ፊት ላይ ጭንብሉ አይገጥምም፤ ጋዙ በጎን ይገባል።

መብራት። በራስ ላይ የሚታሰር አንድ፣ በእጅ የሚያዝ አንድ፣ በኪስ አንድ። የሞባይል መብራት አይቆጠርም።

የቀረውን በአጭሩ፦ የቆዳ ጓንት፣ ወፍራም ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ፣ የራስ ቆብ (የግንባታ ሄልሜት ይበቃል)፣ ፊት የሚዘጋ መነጽር፣ ጫፉ ብረት የሆነ ዱላ፣ 20 ሜትር ያህል ገመድ፣ ፋሻና የቁስል ማጠቢያ፣ በቀላሉ የሚበላ ስንቅ። ለስንቅ በሶን የሚያክል የለም፤ ቋንጣና ጨዋማ ነገር ግን ውሃችሁን ይጨርሳል። የቴታነስ ክትባታችሁ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተከተቡ።

አቅጣጫን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኮምፓስ በባዛልት ድንጋይ ላይ ሊሳሳት ይችላል፤ ድንጋዩ ራሱ መግነጢሳዊ ነው። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ በስልካችሁ አውርዱ፤ የመኪናውን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ስልኩ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ስለሚዘጋ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት።

4. መተሐራ ላይ ተለማመዱ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘላል። መንገዳችሁ በአዋሽ በኩል ከሆነ በፈንታሌ ተራራ ስር፣ በበሰቃ ሐይቅ አጠገብ ጥቁር የላቫ ሜዳ አውራ ጎዳናውን ይዞ ይታያል። ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሙ። በተሟላ ልብስ፣ በጓንትና በዱላ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ወጣ በሉና ተራመዱ። ጫማው የት እንደሚፋቅ፣ ቦርሳው እንዴት እንደሚያዘነብል፣ ከመካከላችሁ ማን ሚዛን እንደማይጠብቅ በዚያ ይታወቃል፤ መተሐራ ላይ የተገኘ ችግር ጫማ በመቀየር ያልቃል፣ ኤርታሌ ላይ የተገኘ ግን በግመል ጀርባ ነው የሚያልቀው።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ መሬት ተሰንጥቋል፤ ነዋሪዎችም ተነስተዋል። ስለዚህ ከጎዳናው አትራቁ፤ ወደ ተራራው ለመውጣት ከፈለጋችሁ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ፈቃድና ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዛችሁ ብቻ ይሁን።

5. በመኪና

ሁለት መኪና ዝቅተኛው ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት መለዋወጫ ጎማ፣ አካፋ፣ የሚጎትት ገመድ፣ የጎማ መንፊያ ይኑር። አሸዋ ላይ ጎማው ትንሽ አየር ይቀንስለት፤ ላቫ ላይ ከመውጣቱ በፊት ግን እንደገና ይነፋ። የተነፈሰ ጎማ በላቫ ጠርዝ ላይ ጎኑ ይሰነጠቃል፤ በጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ ደግሞ አይጠገንም።

መኪናው አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ሹፌሩ ነዳጅ አይርገጥ። ሁላችሁም ውረዱ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ ቆፍሩ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይውጣ። መኪና ከተበላሸና እርዳታ እስኪመጣ መጠበቅ ካለባችሁ ከመኪናው አትለዩ። ጥላ እሱ ነው፤ ከሩቅ የሚታየውም እሱ ነው።

6. በሌሊት ውጡ፣ በሌሊት ውረዱ

መነሻችሁ በቀድሞው የዶዶም ካምፕ በኩል ከሆነ እስከ አፉ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል። መኪና ወደ ተራራው በሚጠጋበት በሌላው በኩል ከሆነ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሊሆን ይችላል። ተራራው 613 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከፍታው አያደክምም፤ የሚያደክመው ሙቀቱና የመሬቱ ሸካራነት ነው።

ሀ. ምሽት 11 ሰዓት ላይ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሽንት ቤት ተጠቀሙ። ጨለማ ከወረደ በኋላ ብቻውን ከመንገዱ የሚወጣ ሰው አይኑር።

ለ. 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። እያንዳንዱ ሰው 3 ሊትር ውሃ በራሱ ጀርባ ይያዝ። ውሃውን በግመል ላይ ብቻ አትጫኑ፤ ግመሉ በሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል።

ሐ. መሪው ከፊት፣ በእግሩ ቀርፋፋ የሆነው ሰው ሁለተኛ፣ ጠንካራው ከኋላ ይሁን። ፍጥነቱን የሚወስነው ሁለተኛው ነው።

መ. በየግማሽ ሰዓቱ ቆማችሁ ተቆጠሩ፤ ጥማት ባይሰማችሁም ጠጡ።

ሠ. ከጠርዙ የምትነሱበትን ሰዓት ከመውጣታችሁ በፊት ወስኑ። በረጅሙ መንገድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብትነሱ ፀሐዩ ሳይበረታ ካምፕ ትደርሳላችሁ። «ጎህ ሲቀድ ፎቶ እናንሳ» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ፎቶ መልሱን ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ጠዋት ባለው ፀሐይ ላይ ይጥለዋል፤ ጥቁሩ ድንጋይም ሙቀቱን ከታች ይመልሳል። ፎቶውን የሚፈልግ በአጭሩ መንገድ ይምጣ።

7. ላቫው ላይ መራመድ

ሁለት ዓይነት ላቫ ይገጥማችኋል። አንዱ ለስላሳ፣ የተጠቀለለ ገመድ የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ሌላው እሾሃማ፣ የተከመረ፣ ተንከባላይ ክምር ነው። ዓይን የሚፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ሰውን የሚያታልለው ግን የመጀመሪያው ነው። ለስላሳው ሲፈስ ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ፈስሶ ይሄዳል ወይም ጋዝ ያነፋዋል፤ ስስ ቅርፊት ከባዶ በላይ ይቀራል። አዲሱ ቅርፊት ብርማ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ስትረግጡት እንደ ድርቆሽ ይንኮሻኮሻል። ከስሩ ያለው ጥልቀት አንዳንዱ ጋ ቁርጭምጭሚት፣ አንዳንዱ ጋ ወገብ ይደርሳል፤ ከዚያም በላይ የሚሆን አለ።

መሪውን ተከተሉ ማለት ከኋላው ሂዱ ማለት ብቻ አይደለም፤ እሱ የረገጠበትን ርገጡ ማለት ነው። ሰውና ግመል ያዘወተሩት መንገድ በባትሪ ብርሃን ይለያል፦ መስታወቱ ተፈጭቶ ደብዛዛ፣ ግራጫ ሆኗል። ሁለቱም ወገን እያብለጨለጨ የእናንተ እግር ስርም ካብለጨለጨ ከመንገድ ወጥታችኋል። ቁሙ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ።

ከመንገድ መውጣት ግድ ሲሆን እንዲህ አድርጉ፦

ዱላውን ከፊታችሁ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ አጥብቃችሁ ምቱ። ድፍን ዐለት አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፣ እጃችሁንም ይመልሰዋል። ባዶ ቅርፊት ድምፁ ይሰፋል፣ ትንሽም ይጎትታል፤ የከበሮ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ ዙሩት። የፊት እግራችሁን አሳርፉ፣ ክብደት ቀስ ብላችሁ ስጡት፣ ከዚያ የኋላውን አንሱ። ጉብ ብሎ ያበጠ ነገር ጫፍ ላይ አትውጡ፤ ባዶው ብዙ ጊዜ እዚያ ስር ነው። በጉብታዎች መካከል ባለው ዝቅታ ሂዱ። በሁለት ሰዎች መካከል ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፤ አንድ ቅርፊት ላይ ሁለት ሰው አይቁም። አትዝለሉ። እጃችሁን ጓንት ሳትለብሱ ድንጋይ ላይ አታሳርፉ።

መሬቱ በሶል በኩል ሙቀቱ ከተሰማችሁ፣ ወይም ከስንጥቅ ውስጥ በአየር ላይ የሚርገበገብ ሙቀት ካያችሁ ወደፊት የለም። ላቫ ላዩ ጥቁር ሆኖ ውስጡ ለወራት ሊሞቅ ይችላል።

8. ጠርዙ ላይ

መጀመሪያ ነፋሱን እወቁ። ቀላል ጨርቅ ወይም የነጠላ ጫፍ አንጠልጥላችሁ ወደየት እንደሚነፍስ እዩ፤ ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደ ጉድጓዱ በሚነፍስበት በኩል ብቻ ቁሙ። ነፋስ ይዞራል፤ ስለዚህ መውጫችሁን አስቀድማችሁ ምረጡ።

ጠርዙ የቆመ ግድግዳ አይምሰላችሁ። ብዙ ቦታ ከስሩ ተቦርቡሮ ወደ ውስጥ ያጎነበሰ ነው፤ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካለ ከስንጥቁ ወዲያ ያለው መሬት የመሬት አካል አይደለም ብላችሁ ቁጠሩ። መሪው ካቆማችሁ መስመር አንድ እርምጃ አትለፉ፤ ለፎቶ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አትቁሙ። በእግራችሁ ስር ወርቃማ ቀጫጭን ክሮች ካያችሁ የመስታወት ክሮች ናቸው፦ አትቀመጡባቸው፣ በነካ እጅ ዓይናችሁን አትሹ።

ጉሮሮ ሲከነክን፣ ዓይን ሲያነባ፣ ሳል ሲጀምር ጭንብሉን አጥልቁና ከጋዙ ውጡ። ጭንብል ለመውጫ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ለመቆያ ፈቃድ አይሰጥም። ጭንብል የሌለው ሰው ካለ በውሃ የራሰ ጨርቅ አፍና አፍንጫው ላይ ያድርግ፤ ጥቂት ይረዳዋል። ጠርዙ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቆየት ምን እንደሚጨምር አላውቅም፤ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ታይቷል።

9. ዋሻ መግባት

በኤርታሌ አዲስ ላቫ ውስጥ ያለ ዋሻ አይገባም። ይህ ላይ ድርድር የለም፦ ጣሪያው ስስ ነው፣ ውስጡ ይሞቃል፣ ጋዝ ይይዛል። በቀዘቀዘና በጠነከረ አሮጌ ላቫ ውስጥ ላለ ዋሻ ግን፣ መሪው የሚያውቀው ከሆነ፣ እንዲህ ግቡ።

ሀ. በር ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ከውስጥ የሚወጣው አየር ከውጭው ይበልጥ የሚሞቅና የሚረጥብ ከሆነ፣ የዲን ሽታ ካለው፣ ግድግዳው ላይ ቢጫ ወይም ነጭ አዲስ ቅርፊት ካያችሁ ተመለሱ።

ለ. ወለሉን እዩ። ጠርዙ ስለታማ የሆነ፣ አቧራ ያልያዘ ድንጋይ ወለል ላይ ካለ ጣሪያው በቅርቡ ነው የተናደው። ትኩስ አጥንት፣ የከረረ ሽታና ዱካ ካለ የጅብ ቤት ነው፤ እንግዳ አይቀበልም።

ሐ. የሌሊት ወፍ ካለበት አትግቡ። አቧራ የሆነው ኩሳቸው ሳንባ ያሳምማል፤ በዋሻ የሚኖሩ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ደግሞ የማርበርግን ቫይረስ ይሸከማሉ።

መ. አንድ ሰው ውጭ ይቅር። የምትወጡበትን ሰዓት ንገሩት። ካለፈ ምን እንደሚያደርግም ንገሩት፦ ይጮሃል፣ ሰው ይጠራል፣ ብቻውን አይገባም።

ሠ. ሦስቱንም መብራት፣ ቆብና ጓንት ይዛችሁ ግቡ። በየመታጠፊያው ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን እዩ፤ ዋሻ ሲመለሱበት ሌላ መልክ አለው። መንገዱ ሁለት ከሆነ በመመለሻው በኩል ሦስት ድንጋይ ደርድሩ፣ ስትወጡ አንሱት። ሁለተኛው መብራት ሥራ ከጀመረ ጉብኝቱ አልቋል።

ረ. ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አትቀመጡ፣ አትተኙ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ እዚያ ይጠራቀማል። ራስ ምታት፣ ያለ ድካም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ማዞር ከጀመረ ሁላችሁም ውጡ። ክብሪት ጭሮ መሞከር የተለመደ ቢሆንም አትመኑት፤ እሳቱ ሳይጠፋ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ውስጥ እሳት ማንደድም የለም።

አንድ ሰው ውስጥ ራሱን ስቶ ከወደቀ ተከትላችሁ አትሩጡ። በየመንደሩ ጉድጓድ ውስጥ አንዱን ለማውጣት ሌላው እየገባ ቤተሰብ ያለቀበትን ዜና ሁላችንም ሰምተናል። ገመዱ አስቀድሞ ታስሮበት ከሆነ ጎትቱት፤ ካልሆነ አየር እንዲገባ ከበሩ ገለል በሉና እርዳታ ጥሩ።

10. ሲበላሽ

እግር ቅርፊት ሰብሮ ከገባ። አትንጠቁት፤ ሥጋውን የሚቆርጠው ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም ነው። ወዲያውኑ ወደ ኋላ ተቀመጡ ወይም በጀርባ ተኙ፣ ክብደቱን አስፉ። ሌሎች አይጠጉ፤ ዱላ ወይም ገመድ ያቀብሉ። በጓንት ዙሪያውን ያለውን ስስ ቅርፊት እየሰበራችሁ ቀዳዳውን አስፉ፣ ከዚያ እግሩን በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ የመስታወት ስብርባሪ በባትሪ ያብለጨልጫል። በጥልቀት የተሰካውን አትነቅሉ፣ በዙሪያው ጠቅልላችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ደም የሚፈስ ከሆነ በጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ።

ሙቀት አንድን ሰው ካጠቃው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ ይመጣል፦ ጥላ፣ እረፍት፣ ንጥረ ነገር የገባበት ውሃ ቀስ በቀስ። መቀባጠር፣ መንገዳገድ ወይም ራስን መሳት ከጀመረ ግን አደገኛ ነው፤ አፉ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ። ልብሱን አላቁ፣ ሰውነቱን በውሃ አርሱ፣ አራግቡ፣ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱ። የመጠጥ ውሃውን አትሳሱበት።

ከመንገድ ከጠፋችሁ። በጨለማ ላቫ ላይ መንገድ መፈለግ የለም። ተቀመጡ፣ መብራት አብሩና አጥፉ፣ ድምፅ አሰሙ፣ ጠብቁ።

መሬቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ጭሱ በድንገት ከወፈረ ወይም ጉርምርምታ ከበረታ። ዕቃ አትልቀሙ። ከጠርዙ ራቁ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከሸለቆና ከዝቅታ ርቃችሁ ውረዱ። አመድ መውረድ ከጀመረ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ መነጽር አድርጉ፣ ዓይን ውስጥ የሚደረግ ሌንስ ካላችሁ አውጡ። መኪናው አመድ ውስጥ በዝግታ ይሂድ፤ የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ አራግፉ።

11. ከወረዳችሁ በኋላ

ካምፕ ስትደርሱ መጀመሪያ ተቆጠሩ፣ ከዚያ ጫማችሁን አውልቁ። እግራችሁን በብርሃን መርምሩ፤ በድካም ያልተሰማ ቁርጥ አይጠፋም። ልብሳችሁን ከመኪናው ውጭ አራግፉ። ባዶ ጠርሙስና ካርትሪጅ ሁሉ ወደ ሰመራ ይመለስ፤ ላቫ ላይ የሚቀብረው አፈር የለም።

ብዙ ጋዝ የተነፈሰ ሰው ለጊዜው ደህና ሆኖ ከሰዓታት በኋላ ሊታመም ይችላል። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ደረቱ ከጠበበ፣ ሳሉ ከባሰ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ለሐኪሙም የዲን ጭስ መተንፈሱን ይንገር።

አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ሹፌሩ አራቱንም ጎማ በጎን በኩል በእጁ ይዳስስ። ላቫ የቆረጠው ጎማ በአሸዋ ላይ በቀስታ ሲሄድ ይችላል፤ የሚፈነዳው በፍጥነት መንገድ ላይ ነው።